አትናቴዎስና የመጻሕፍት ቀኖና

ቀኖና የሚለውን ቃል ስንሰማ ለብዙዎቻችን መጀመሪያ ትዝ የሚለን ኃጢአቱን የተናዘዘ ሰው ከነፍስ አባቱ የሚቀበለው ጾምና ስግደት ነው። የቃሉ ታሪክ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጕሙ ግንበኛና አናጢ ሥራቸው መጣመሙንና መቃናቱን የሚያዩበት ቀጥ ያለ ዘንግ ማለት ነበረ። ግሪኮቹም ራሳቸው መቃ የሚል ትርጕም ካለው ሴማዊ ቃል እንደ ወሰዱት የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከዘንግነት ተነሥቶ ሕግ፣ ሥርዓት፣ መለኪያ ማለት ሆነ። የሙዚቃ ሊቃውንትም አንድ አውታር ወጥረው የድምፅን ከፍታና ዝቅታ በቍጥር የሚለኩበትን መሣሪያ በዚሁ ስም ጠሩት። በመጨረሻም ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩባቸው የተመረጡ መጻሕፍት ማለት ሆነ። በዚህ በመጨረሻው ትርጕም ከማንም ይልቅ ስሙ የሚነሣው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ነው።

ዛሬ ተማሪዎች በየክፍላቸው እንዲያነቡት የሚታዘዘው የመጻሕፍት ዝርዝርም የዚሁ ዘር ነው። የትኛው ድርሰት እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚቀር የሚወስን ሰው አለ። የተመረጠው ይታተማል፣ ይጠናል፣ ለፈተና ይቀርባል፤ ያልተመረጠው በመጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ታዲያ ወሳኙ ማን ነው? የሚወስነውስ በምን ሥልጣን ነው? ውሳኔውስ በሁሉ ዘንድ ይጸናል ወይ? የዚህ ሰው ሕይወት ጥያቄውን ከብዙ የፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ አጕልቶ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አትናቴዎስ የተወለደው በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ያደገባት እስክንድርያ ከሮም ቀጥላ የምትጠራ የንግድና የትምህርት ከተማ ነበረች። እርሱ ከመወለዱ ከ500 ዓመት በፊት በበጥሊሞስ ነገሥታት ዘመን በዚያች ከተማ በተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ቀሊማኮስ የተባለ ሊቅ የደራስያንንና የድርሰቶቻቸውን ዝርዝር በ120 ጥቅልል ጽፎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡት የዚያው ቤት ሊቃውንት ደግሞ ከባለቅኔዎች መካከል የላቁትን መርጠው ለየዓይነቱ ለይተው አስቀመጡ፤ በበገና ከሚዘመሩት ግጥሞች ደራስያን ለምሳሌ የተመረጡት 9 ብቻ ነበሩ። ያልተመረጡትን የሚገለብጥ ጸሐፊ እየጠፋ ስለ ሄደ ድርሰታቸው አብሮ ጠፋ፤ ከተመረጡትም እንኳ ለእኛ የደረሰው ጥቂቱ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚያ ሊቃውንት ዝርዝራቸውን ቀኖና ብለው አለመጥራታቸው ነው። ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን ተውሶ ለግሪክ ባለቅኔዎች ዝርዝር የሰጠው ዳዊት ሩንከን የተባለ ሊቅ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1768 ነው። ነገሩ በሥነ ጽሑፍ የጥንት ይሁን እንጂ ስሙ ከሃይማኖት የመጣ ነው።

ወጣቱ አትናቴዎስ በሊቀ ጳጳሳቱ በእለ እስክንድሮስ ቤት ዲያቆንና ጸሐፊ ሆኖ ሲያገለግል አርዮስ የሚባል የዚያው ከተማ ቄስ ስለ ወልድ አዲስ ትምህርት ማስተማር ጀመረ፤ ይኸውም ወልድ ፍጡር ነው የሚል ነበረ። አርዮስ ትምህርቱን በመጽሐፍ ብቻ አላስቀረውም። መርከበኛው በባሕር፣ ፈጪው በወፍጮ፣ መንገደኛውም በጕዞው እንዲያዜመው አድርጎ በግጥም አዘጋጀው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊዎች ይህን እንደ ተንኰል ቈጥረው ይነቅፉታል። እኛ ግን ሰውየው ስለ ዜማ ኀይል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ብለን ብናልፈው ይሻላል፤ በአፍ የገባ ዜማ በዐዋጅ አይወጣምና። በ325 በኒቅያ ጉባኤ አርዮስ ሲወገዝ አትናቴዎስ ሊቀ ጳጳሳቱን ተከትሎ በዚያ ተገኝቶ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ እለ እስክንድሮስ ሲያርፍ በመንበሩ እርሱ ተቀመጠ። ዕድሜው ገና 30 ዓመት ያህል ነበረ።

በመንበሩ 45 ዓመት ኖረ፤ ከዚህም ውስጥ 17 ዓመት ያህሉን ያሳለፈው በስደት ነው። አምስት ጊዜ ተሰደደ። እንዲህ ያለ ሹመት የሚመኝ ብዙ ሰው ያለ አይመስለንም።

የመጀመሪያው ስደት ምክንያት በ335 በጢሮስ የተሰበሰበው ጉባኤ ነው። የመልጥዮስ ወገን የሆኑት የግብጽ ጳጳሳት አትናቴዎስን በብዙ ክስ ከሰሱት። ከክሶቹም አንዱ አርሳንዮስ የሚባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ለሥራይ ቈርጦታል የሚል ሲሆን፣ ለማስረጃ የደረቀ እጅ በሣጥን ይዘው ይዞሩ ነበር። የታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚተርኩት አትናቴዎስ አንድ በካባ የተሸፈነ ሰው ወደ ጉባኤው አስገባ፤ ፊቱን ሲገልጠው ሞተ የተባለው አርሳንዮስ ሆነ። ከዚያም በኋላ በካባው ሥር ያሉትን ሁለት እጆቹን አንድ በአንድ አውጥቶ አሳያቸው፤ ሦስተኛው እጅ ከየት እንደ ተቈረጠ የሚመልስ ጠፋ። ክሱ ሁሉ ግን ፈጠራ ነበር ማለት አይቻልም። በዚያው በ335 ከተጻፈና በ1924 ከታተመ አንድ የፓፒረስ ደብዳቤ እንደሚነበበው የአትናቴዎስ ደጋፊዎች ተቃዋሚዎቻቸውን ይደበድቡ ነበር። እስክንድርያ የሁከት ከተማ ነበረች፤ ሊቀ ጳጳሳቱም ከከተማው ጠባይ ጨርሶ የራቀ አልነበረም።

አትናቴዎስ ጉባኤው እንደማይበጀው ባየ ጊዜ በመርከብ ወደ ቍስጥንጥንያ ሄዶ ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጠንጢኖስ በፈረስ ሲያልፍ በመንገድ ላይ ቆሞ አቤት አለ። ንጉሠ ነገሥቱም ሊሰማው ወድዶ ነበር። ነገር ግን ከሳሾቹ የሃይማኖቱን ነገር ትተው ሌላ ክስ አመጡ፤ ይኸውም ከግብጽ ወደ ቍስጥንጥንያ የሚጫነውን እህል አስቀራለሁ ብሎ ዝቷል የሚል ነበረ። ዋና ከተማው የሚበላው የግብጽን ስንዴ ነውና ይህ ክስ ከሌላው ሁሉ የከበደ ሆነ። አትናቴዎስ ዛሬ በጀርመን አገር ወደምትገኘው ወደ ትሪየር ከተማ ተላከ። ቈስጠንጢኖስ በ337 ሲሞት ተመለሰ፤ በ339 እንደ ገና ተሰደደና ሮም ወርዶ ኖረ፤ በ346 ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ያሉት 10 ዓመታት ከሌሎቹ ሲነጻጸሩ የዕረፍት ዘመኖቹ ናቸው።

የአትናቴዎስን ስም ከአገራችን ጋር ያገናኘው ነገርም የተፈጸመው ከሦስተኛው ስደት በፊት ነው። የጢሮስ አገር ልጅ የነበረው ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት ካደገና ለክርስቲያኖቹ መሰብሰቢያ ካዘጋጀ በኋላ ጳጳስ እንዲላክላቸው ለመለመን ወደ እስክንድርያ ወረደ። አትናቴዎስም ከጳጳሳቱ ጋር መክሮ ለዚህ ሥራ ከለማኙ ከራሱ የሚሻል አልተገኘም በማለት ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ መልሶ ላከው። የእኛ ታሪክ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚለው ይህንኑ ሰው ነው።

በ356 የካቲት ወር፣ ከ8 ለ9 አጥቢያ ሌሊት ሲርያኖስ የተባለው የጦር አዛዥ 5,000 ከሚያህሉ ወታደሮች ጋር የቴዎናስን ቤተ ክርስቲያን ከበበ። ሕዝቡ ለማኅሌት ተሰብስቦ ነበር። አትናቴዎስ ከመንበሩ ሳይነሣ ዲያቆኑ መዝሙር 135ን እንዲያዜም፣ ሕዝቡም እየተቀበለ ወደየቤቱ እንዲሄድ አዘዘ። በሩ ተሰብሮ ወታደሮቹ ሲገቡ መነኮሳቱ እርሱን በመካከላቸው ይዘው በግርግሩ ውስጥ አወጡት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ 6 ዓመት ያህል በግብጽ በረሓ ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወረ ተደበቀ። ወታደር በፈለገው ቍጥር መነኮሳቱ ይሸሽጉታል፤ እርሱም በዋሻ ተቀምጦ ይጽፋል።

ንጉሠ ነገሥቱ ቈንስጣንጥዮስ ግን የሚያሳድደው በግብጽ ብቻ አልነበረም። ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ፍሬምናጦስን የሾመው ወንጀለኛው አትናቴዎስ ስለሆነ በእስክንድርያ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ወደ ግብጽ ይላክ የሚል ነው። ነገሥታቱ ትእዛዙን ፈጸሙ የሚል አንድም መዝገብ የለም። ጊዮርጊስም ራሱ በ361 የእስክንድርያ ሕዝብ ተነሥቶበት ተገደለ። ደብዳቤው ለእኛ የደረሰውም አትናቴዎስ ለመከራከሪያ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ቃል በቃል ገልብጦ ስላስገባው ነው። ሰነድ ማስቀመጥ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በመዝገብ ቤት ለምትሠሩ ወጣቶች ይህ ጠባዩ ደስ ሳያሰኛችሁ አይቀርም።

በ361 ከነገሠው ከዑልያኖስ ዘመን የሚነገርለት ታሪክም አለ። አትናቴዎስ በዓባይ ወንዝ በታንኳ ሲሸሽ አሳዳጆቹ መቅረባቸውን በሰማ ጊዜ ታንኳውን ወደ እነርሱ እንዲያዞሩት አዘዘ። ሲገናኙም አትናቴዎስን አይታችኋል ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ከታንኳው ውስጥ የሰሙት መልስ ሰውየው ሩቅ እንዳልሆነ የሚገልጥ ነበረና እየተጣደፉ አለፉ። የመጨረሻው ስደቱ በንጉሠ ነገሥቱ በቫሌንስ ዘመን ሆነ፤ አራት ወር በአባቱ መቃብር ቤት ተደብቆ ነበር ይባላል። በ366 መጀመሪያ ሲመለስ ዕድሜው 70 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አላሰደደውም።

ከአንድ ዓመት በኋላ የጻፈው ደብዳቤ ነው እንግዲህ ስሙን ከቀኖና ጋር ያቈራኘው። የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት በየዓመቱ የፋሲካን ቀን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ለግብጽ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የመላክ ልማድ ነበረው፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሰርኩላር የምንለው ዓይነት ነው። ለ367 ፋሲካ በተላከው በ39ኛው ደብዳቤ አትናቴዎስ ስለ በዓሉ ቀን ከማስታወቅ ጋር የቅዱሳት መጻሕፍትን ስም አንድ በአንድ ዘረዘረ። ከብሉይ ኪዳን በዕብራውያን ፊደላት ቍጥር ልክ 22 ቈጠረ፤ ከሐዲስ ኪዳን 27። እነዚህ 27 መጻሕፍት ያለ መጨመርና ያለ መቀነስ ዛሬ በዓለም ያሉት አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ሐዲስ ኪዳን ብለው የሚያነቧቸው ናቸው። ከዚህ ደብዳቤ በፊት የተጻፈ፣ 27ቱን ብቻ ልክ እንደዚህ የሚቈጥር ሌላ ዝርዝር አልተገኘም።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከእርሱ በፊት አውሳብዮስ መጻሕፍቱን ሲጽፍ ሁሉ የተቀበላቸው፣ አንዳንዶች የሚጠራጠሯቸው፣ ሐሰተኞች ብሎ ከፋፍሏቸው ነበር። የዮሐንስን ራእይ በምሥራቅ የሚጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ወደ ዕብራውያን የተላከውን መልእክት ደግሞ በምዕራብ። በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት በብራና ተጽፎ በሲና ገዳም የተገኘው ታላቁ የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ በሐዲስ ኪዳን መጨረሻ ላይ የበርናባስን መልእክትና የሄርማስን መጽሐፍ ጨምሯል።

አትናቴዎስ ቀኖናውያን ካላቸው ቀጥሎ ሁለተኛ ወገን አደረገ። በዚህ ውስጥ ጥበበ ሰሎሞን፣ ሲራክ፣ አስቴር፣ ዮዲት፣ ጦቢት፣ የሐዋርያት ትምህርት የሚባለው መጽሐፍና ሄርማስ ይገኛሉ። እነዚህ ለአዲስ አማኞች ማስተማሪያ ይነበቡ፤ ከቀኖናው ግን አይቈጠሩ ብሎ ወሰነ። ሦስተኛው ወገን መናፍቃን የጻፏቸው፣ የጥንት ስም ተሰጥቷቸው የሚዞሩ ያላቸው ናቸው፤ እነዚህ ጨርሰው እንዳይነበቡ ከለከለ። በቅብጥ ቋንቋ የተረፈው የደብዳቤው ክፍል እንደሚያሳየው ከሙሴ በፊት መጽሐፍ አልነበረምና በሄኖክ ስም የሚጠሩት መጻሕፍት የሄኖክ ሊሆኑ አይችሉም እያለ ይከራከራል። በኢሳይያስ ስም የሚዞረውንም መጽሐፍ አብሮ ነቀፈ። በዚህ ደብዳቤ የተነቀፉት የመልጥዮስ ወገኖች፣ ማለትም ከ32 ዓመት በፊት በጢሮስ የከሰሱት ሰዎች ጭምር ነበሩ፤ በተከለከሉት መጻሕፍት ይመካሉ ይላቸዋል። ስለዚህ ዝርዝሩ የምርምር ፍሬ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ውስጥ ማን ያስተምር የሚለውንም ክርክር መቍረጫ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ከ27ቱ አንዱ የይሁዳ መልእክት ነው፤ ይሁዳም የሄኖክን ትንቢት በስሙ ጠርቶ ይጠቅሳል። አትናቴዎስ ጠቃሹን አስገብቶ ተጠቃሹን አስወጣ። ሊቃውንት ይህን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ትእዛዙ ምን ያህል ተፈጸመ? በጳኵሚስ ገዳማት አለቃው ቴዎድሮስ ደብዳቤውን ወደ ቅብጥ ቋንቋ አስተርጕሞ በገዳሙ ሕግ እንዲሆን አደረገ። ከእነዚህ ገዳማት በማይርቀው በናግ ሐማዲ በ1945 ገበሬዎች አፈር ሲቈፍሩ በእንስራ የተቀበሩ 13 የፓፒረስ መጻሕፍት አገኙ። በውስጣቸው ከ50 የሚበልጡ ድርሰቶች ሲኖሩ ብዙዎቹ አትናቴዎስ ይነቅፋቸው የነበሩትን ዓይነት ናቸው። አንዳንድ ሊቃውንት መነኮሳት ይህን ትእዛዝ ሰምተው ማቃጠሉ ስላሳዘናቸው ቀብረዋቸው ይሆናል ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ይህን አይቀበሉም። በምዕራብ የሂፖ ጉባኤ በ393፣ የቅርጣግና ጉባኤ በ397 እነዚያኑ 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘረዘሩ። የሶርያ ቤተ ክርስቲያን ግን በጥንታዊው ትርጕሟ 22 ብቻ ይዛ ለረጅም ዘመን ቈየች።

ስለ ዜማም አትናቴዎስ የራሱ ሐሳብ ነበረው። አውግስጢኖስ እንደ ጻፈው መዝሙረ ዳዊት የሚያነበው ሰው ድምፁን ከንባብ ብዙ ሳያርቅ፣ ከመዝፈን ይልቅ ወደ መናገር በቀረበ ዜማ እንዲያሰማ ያዝዝ ነበር። ምናልባት የአርዮስ መርከበኞች ዜማ በጆሮው ሳይቀር አልቀረም። ይህም ሥርዓት እንደ ዝርዝሩ ሁሉ ጳጳስ ወደ ላከበት አገር አልተሻገረም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ያሬድ ደረሰው የሚባለው የኢትዮጵያ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ይፈጸማል። በዚያ የመዝሙር ንባብ ላይ ያደገ ዲያቆን ወደ አክሱም ማኅሌት ቢመጣ የገባበትን ቤት ማወቅ በቸገረው ነበር።

አትናቴዎስ በ373 ግንቦት 2 ቀን በቤቱ አረፈ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግንቦት 7 ቀን ታስበዋለች፤ ከ14ቱ ቅዳሴዎችም አንዱ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ጳጳሱን ከእርሱ እጅ የተቀበለችው፣ በቅዳሴዋም ስሙን የምታነሣው ቤተ ክርስቲያን በዝርዝሩ አልተወሰነችም። የአክሱም ተርጓሚዎች ሄኖክንና ኩፋሌን ከግሪክ ወደ ግዕዝ መለሱ፤ ሄርማስንም ተረጐሙ፤ የኢሳይያስ ዕርገት የሚባለው መጽሐፍም ሳይጐድል የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ፍትሐ ነገሥት የመጻሕፍቱን ቍጥር 81 ይለዋል። ሊቃውንቱ ሲቈጥሩት ግን በአንዱ አቈጣጠር ብሉይ 46፣ ሐዲስ ከሥርዓት መጻሕፍት ጋር 35 ይሆናል፤ በሌላው ብሉይ 54፣ ሐዲስ 27። ድምሩ አይለወጥም፤ በውስጡ ያሉት ይዛወራሉ። ቍጥሩን አጥብቆ ይዞ ዝርዝሩን ሰፋ አድርጎ መተው የአገራችን ሊቃውንት ብልሃት ይመስለናል፤ አትናቴዎስ ቢሰማው ግን ባልወደደው ነበር።

መጽሐፈ ሄኖክ በግሪክ ቋንቋ ከቁርጥራጭ በቀር ጠፍቶ ስለ ነበር አውሮፓውያን ሙሉውን ያዩት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ የተገለበጡ የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ በ1773 ሲመለስ ነው። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጕም በ1821 ታተመ። በ1952 ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ በአራማይስጥ የተጻፉ የሄኖክ ቅዳጆች ተገኝተው በ1976 ታተሙ፤ ከአትናቴዎስ ዘመን ከ400 ዓመት በላይ የሚቀድሙ አሉባቸው። እነርሱም ቅዳጆች ስለሆኑ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያነብ የሚወድ ሰው ዛሬም ፊቱን ወደ ግዕዙ ብራና ማዞር አለበት።